በሞቴ፣ አንድ ማንኪያ ጨምርበት

ዛሬ ስለ ፈተናም ስለ ውጤትም አይደለም የምጽፈው፤ ስለ ስኳር ነው። ሰሞኑን ያገኛችሁኝ ሁሉ "ቲቸር፣ ምን ሆነው ነው እንዲህ የከሱት? አሞዎት ነበር እንዴ?" እያላችሁ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ ስለከረማችሁ፣ አንዴ ለሁላችሁም ልመልስ ብዬ ነው።

እንደምታውቁት ቤቴ ደሴ ነው፣ የማስተምረው ኮምቦልቻ። ጠዋት ሐረጎን እወርዳለሁ፣ ማታ ሐረጎን እወጣለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ የከፍታው ልዩነት ግን ከ600 ሜትር በላይ ነው። ደሴ ጋቢ ያስደርባል፣ ኮምቦልቻ ጃኬት ያስወልቃል። እኔ ደግሞ ለሁለቱም መላ ነበረኝ። ደሴ ሲበርደኝ ትኩስ ሻይ፣ ኮምቦልቻ ሲሞቀኝ ቀዝቃዛ ለስላሳ። በአየሩ አሳበብኩ እንጂ ሁለቱም ያው ስኳር ናቸው።

ባለፈው መስከረም ለሌላ ጉዳይ ክሊኒክ ሄጄ፣ በዚያው ተመዘንኩ፤ 91 ኪሎ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 118 ሆነ። ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ይባላል። እኔ መሀል ላይ ነኝ። ነርሷ "ገና አልያዘህም ወንድሜ፤ ግን መንገዱ ላይ ነህ" አለችኝ።

አባቴ የሞተው በዚሁ በሽታ ነው። መጀመሪያ የእግሩ ጣት ላይ አልድን ያለ ቁስል ወጣ፤ ቀጥሎ እግሩ ተቆረጠ፤ ከዚያ ብዙም አልቆየ። እናቴ የአንድ እግር ጫማውን እስከ ዛሬ አልጣለችውም፤ አልጋ ስር አለ። ስለዚህ የ118ን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። በተለይ ለእሷ።

የሂሳብ መምህር ነኝና መጀመሪያ ያደረግኩት መደመር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ይመዝናል። በብርጭቆ 4 ማንኪያ፣ በቀን 5 ብርጭቆ ሻይ፤ 80 ግራም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሲጨመር ወደ 110 ግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 እንዲወርድ ይመክራል። "ጁስ ጤና ነው" እያልኩ የምጠጣው ስፕሪስና "ከስኳር ይሻላል" የተባልኩት ማርም እዚያው ሂሳብ ውስጥ ይገባሉ። በሻይ ብቻ በወር ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል ስኳር እጠጣ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ እንደ ጀግና "በቃ!" አልኩ። ስኳርም ምሳም አንድ ላይ ተውኩ። ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። በአስረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ታክሲ ስጠብቅ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሦስት ቦምቦሊኖ ቆሜ በላሁ። እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና ተሸነፍኩ። "አንተ ሰነፍ" እያልኩ ራሴን ሰደብኩ።

ሦስተኛው ጊዜ ላይ ስድቡን ትቼ ደብተር ያዝኩ። አምሮቱ በመጣ ቁጥር ሰዓቱንና ከዚያ በፊት የሆነውን ጻፍኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ታየ። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ያውም ምሳ የዘለልኩ ቀን፣ ወይም ፈተና ሳርም አምሽቼ እንቅልፍ ያጣሁ ቀን። አምሮት የምለው ነገር ግማሹ ረሃብ፣ ግማሹ ድካም ነበር። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ሲገጥመኝ ሰነፍ ከማለቴ በፊት "ቁርስ በልተሃል?" እላለሁ። ራሴን ግን ጠይቄው አላውቅም።

ስለዚህ ምሳ መብላት ጀመርኩ፤ እንጀራ በሽሮ፣ ካገኘሁም የተቀቀለ እንቁላል። ለ10 ሰዓት ኪሴ ውስጥ ቆሎ አለ። የሻይ ስኳሬን በአንዴ አልተውኩም፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ማንኪያ እየቀነስኩ ከ4 ወደ 1 አወረድኩት። ምላስ ይለምዳል። አሁን የድሮው ሻይ ሽሮፕ ነው የሚመስለኝ። ማታ ደሴ ስደርስም ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እገባለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የእናቴ ሻይ ነው። ስኳር በወረፋ በሚገኝበት ጊዜ እንኳ እሷ ለእንግዳ የደበቀችው አይጠፋም። "አንድ ማንኪያ ብቻ" ስላት ፊቷ ተለወጠ። "ምነው ልጄ፣ እጄ አስጠላህ?" አለችኝ። "ጥርሴን አሞኝ ነው" ብዬ ዋሸሁ። ጥርሱ አልድን ሲል ደግሞ፣ እንዳይከፋት ብዬ እሷ ዘንድ አራቱንም ማንኪያ እጠጣ ጀመር።

አንድ እሁድ አቦል ተጠጥቶ ቶና ሲቀዳ ነገርኳት። ጀበናውን አስቀመጠችና ዝም አለች። ቆይታ "ለአባትህስ ቁስሉ እስኪወጣ ድረስ ማን ነገረኝ? ባውቅ ኖሮ በገዛ እጄ እጨምርለት ነበር?" አለች። በሽታው በስኳር ብቻ እንደማይመጣ፣ ክብደትም፣ ዘርም፣ አለመንቀሳቀስም እንዳለበት፣ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ አስረዳኋት። ትመነኝ አትመነኝ እንጃ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጎረቤት መጥቶ "በሞቴ፣ አንድ ማንኪያ ጨምርበት" ሲለኝ ቀድማ የምትመልሰው እሷ ናት፤ "ተዉት፣ እሱ እንዲህ ነው የሚወደው።"

ከስምንት ወር በኋላ 83 ኪሎ ነኝ። ስኳሬ 103 ነው፤ ገና ከ100 በታች አልገባም። ባለፈው ሳምንት ሰርግ ላይ ሁለት ሚሪንዳ ጠጥቻለሁ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። በማግስቱ ምሳዬን በልቼ ቀጠልኩ።

ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ወይም ክብደት ከጨመራችሁ፣ እባካችሁ ተመርመሩ፤ ጣት ተወግቶ የሚያልቅ ነገር ነው። መድኃኒት የጀመራችሁ ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ምግብ አትዝለሉ፣ ምንም አትቀይሩ። ውጤታችሁንም ሻይ ለምታፈላላችሁ ሰው ንገሩ። እኔ ያንን ለማድረግ ወራት ፈጀብኝ።

አብሽሩ። መልካም ሳምንት።