«ግን ስንት ያገኛል?»

ትናንት ከሰዓት የእህቴ ልጅ ጊታር ሊማር መጣ። ጊታሬን ታውቋታላችሁ፣ ባለፈው ፎቶዋን ስለጥፍ «ለማገዶ ነው?» ያላችሁኝ እሷው ናት። መጀመሪያ ልቡ ይነሳሳ ብዬ አሜሪካዊውን ጊታሪስት ብራያን ሴትዘርን ከፈትኩለት። ያንን ጸጉሩን በቅባት ወደ ላይ የቆለለውን ሰውዬ። ልጁ ሁለት ደቂቃ አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ጋሼ፣ ግን ስንት ያገኛል?»

አፌን ሳልከፍት ስልኩን አውጥቶ ይፈልግ ጀመር። አንዱ ቦታ አንድ ቁጥር ይላል፣ ሌላው ቦታ ሌላ። የሰውዬውን የባንክ ደብተር ማን እንዳሳያቸው እንጃ። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። አልቻልኩም። ለሱ ያልኩትን እናንተም ስሙኝ።

ሴትዘር የሎንግ አይላንድ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ስትሬይ ካትስን መሠረተ። አንዱ ከራሱ የሚረዝም ባስ አቅፎ፣ አንዱ ድራሙን ቆሞ እየመታ፣ እሱ ደግሞ ልጅ ሳለ በ100 ዶላር የገዛትን ግሬች ጊታር አንግቶ። የሚጫወቱት ሮካቢሊ ነው፣ የ1950ዎቹን የሮክ ስልት፤ ያንን ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ያሰኘውን። እነሱ ሲጀምሩ ግን ለአሜሪካ ወጣት ያረጀ ነገር ነበር። ስለዚህ በ1980 ለንደን ሄዱ፣ ለንደን ወደደቻቸው፣ ዘፈናቸው ምርጥ አስር ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ነው አገራቸው የሰማቻቸው። በ1982 አሜሪካ የወጣው «ቢልት ፎር ስፒድ» አልበማቸው 15 ሳምንት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ነቢይ በገዛ አገሩ አይከበርም የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። በ1984 ተበተኑ። ባንድ ነዋ!

አሁን ወደ ብሩ። አሜሪካ ውስጥ ሬዲዮ ዘፈን ሲያጫውት የሚከፍለው ለድርሰቱ ባለቤቶች ነው። ለዘፈነው፣ ባሱን ለተጫወተው፣ ድራሙን ለመታው ሰባራ ሳንቲም የለም። አዎ፣ አሜሪካ! «ስትሬይ ካት ስትረት»ን የደረሰው ሴትዘር ነው። ሦስቱም ላባቸውን ጠብ ያደረጉበት ዘፈን በሬዲዮ በተለቀቀ ቁጥር እሱ በደራሲነቱ ይከፈለዋል፣ ሁለቱ በሬዲዮ ይሰሙታል። ዕጣው ደግሞ ይገለበጣል። በ1998 ትልቅ ኦርኬስትራ ይዞ «ጃምፕ፣ ጃይቭ ኤንድ ዌል»ን እንደ አዲስ ተጫወተና በዓመቱ ግራሚ ወሰደበት። ዘፈኑ ግን የሉዊ ፕሪማ ነው፣ በ1978 ያረፈው። ዋንጫው ወደ ሴትዘር፣ የድርሰቱ ሒሳብ ወደ ፕሪማ ቤት።

1998 ስል ምን ትዝ አለኝ መሰላችሁ። የኛው 1998። እኔም በሰባት ዓመት ዘግይቼ ለመክበር ጫፍ ደርሼ ነበር።

አንድ ሆቴል፣ ስሙን አልጠራም፣ ሰርግ ተጫወትን። አምስት ነን። ለነፍስ ወከፍ 400 ብር፣ ቀብድ 100 ተቀብለናል። ዘፋኛችን ገና የሚዜዎቹን ስም ማንሳት ሲጀምር ሰው ተሰልፎ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። እኔ ከኋላ፣ አምፑ ሥር። ግንባሬን በመሐረብ ጠርጌ አዘጋጀሁት። ደረቀ። ማንም አልመጣም። በኋላ አንዲት አስር ብር ከዘፋኙ ቅንድብ ላይ ተላቃ እየተንሳፈፈች እግሬ ሥር አረፈች። ረገጥኳት። ሁለት ዘፈን ሙሉ ቀኝ እግሬን ሳላነሳ ተጫወትኩ፤ ሰው ሁሉ እስክስታ ይወርዳል፣ እኔ እንደ ሐውልት። ለሦስተኛው ዘፈን ቃና ልቀይር ፔዳሉን ስረግጥ የሙሽራዋ ታናሽ ወንድም፣ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንስቷት ሮጠ።

ሲያልቅ የሆቴሉ ሰውዬ መጣ። «እራት ብሉ፣ ቀሪውን ሰኞ።» ጥብሱ መቼም ጥሩ ነበር፣ ሐሰት አልናገርም። ሰኞ ሄድኩ፣ «ሥራ አስኪያጁ የሉም»። በሚቀጥለው ሰኞ ሄድኩ፣ «አሁን ወጡ»። እዚያ ሆቴል እስከ ዛሬ ሰኞ አልሆነም። እዚህ ገጽ ላይ ያላችሁ የባንዱ ልጆች፣ መስክሩ እንጂ።

ምን ላይ ነበርኩ? ኦርኬስትራው። ለሦስት የሚካፈል እንጀራ የለመደ ሰው 17 ሰው ያለበት ኦርኬስትራ አቆመ። ሒሳቡን ለልጁ በወረቀት ሠራሁለት፦ የሁሉም ደመወዝ፣ አልጋ፣ ምግብ፣ አውቶቡስ፣ ትሮምቦኑ ራሱ ቦታ ይፈልጋል። መድረክ ላይ ከፊት የቆመው አንድ ሰው፣ ጉሮሮ ግን 17። ለብዙ ዓመታት በየገናው ከተማ ለከተማ እየዞረ ሠራ። ዓውደ ዓመት ብር እንዳለው እዚያም ያውቃሉ። በ2019 ጆሮው እየጮኸ አላሠራው ሲል የገናውን ጉዞ ሰረዘ።

ከዚያ 2025 መጣ። የካቲት ላይ፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ እንደያዘው ተናገረ። ጊታር ሲያነሳ ጓንት ያጠለቀ ያህል ነበር የሚሰማው። ኋላ ዳግም የተሰባሰቡት ስትሬይ ካትስ ለመጸው ያሰቡት ጉዞም በሕመሙ ተሰረዘ። እነዚያ ጣቶች፣ ጓንት ውስጥ። የደረሳቸው ዘፈኖች እሱ ተኝቶም ይሠሩለታል። የእጁ ሥራ ግን እጁ ሲያርፍ ያርፋል። በየትኛውም የሀብት ቁጥር ውስጥ ይሄ አልተጻፈም፣ እኔን ደግሞ ሌሊቱን ሁሉ ሲነዘንዘኝ ያደረው ይሄ ነው። ጠዋት ስነሳ ቡና እንኳ ሳልጠጣ ጣቶቼን ቆጠርኩ፣ ሳቁ።

ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ልጁ ስልኩን አስቀምጦ ክሩን ተጭኖ ነበር። «ጋሼ፣ ጣቴን አመመኝ እኮ።» አየሁለት። የአመልካች ጣቱ ጫፍ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር።

«ሰኞ እመጣለሁ» ብሎኝ ሄዷል።

ሰኞ።

እናያለን።