ክረምት በቡሹሎ፦ ሐይቁ ያበላል፣ ሐይቁ ይበላል



«ሐይቅ ዳር መኖር እንዴት ያለ መታደል ነው!» ይሉኛል ከአዲስ አበባ የሚመጡት ዘመዶቼ። መቼም የሰው ልጅ የሌለው ነገር ያምረዋል። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ ለዚህም ይሆናል ሐዋሳ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሐይቁን ሲያይ «ባሕሩ! ባሕሩ!» እያለ የሚቦርቀው። እኔም ብሆን 275 ኪሎ ሜትር ተጉዤ መጀመሪያ ያየሁት ዕለት አፌን ከፍቼ ነው የቆምኩት። አሁን 11 ዓመት ሆነኝ። ቡሹሎ ውስጥ፣ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ሻይ ቤት አለችኝ። ሻይ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ... ሳይጠይቅ ይነገረዋል፣ ሳይፈልግ ያያል። እስኪ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

የፈረንጅ የባሕር ዳር ከተማ ክረምት ሲገባ ሰው ጥሎት ይሄዳል ይባላል። ጃንጥላው ይታጠፋል፣ ሆቴሉ ይዘጋል፣ ነፋስና በረዶ ብቻ ይቀራል። የኛ ክረምት ግን ዝናብ ነው፤ እንግዳው ቢቀንስ እንኳ ነዋሪው የት ይሄዳል? ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥ ሐዋሳ በሕዝብ ትጥለቀለቃለች። ንግሡ ሲያልፍ ፍቅር ሐይቅ ላይ ፎቶ የሚነሳው ይሳሳል፣ ባለ ጀልባው እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። ያን ጊዜ ሐይቁ ለባለቤቶቹ ይመለሳል። ባለቤቶቹ እነማን ናቸው ትሉ እንደሆነ፣ እንደ ቡሹሎ ባሉ ሰፈሮች የሚኖሩት ናቸው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አላሙራ ተራራ ጉሙን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ይቆማል። ሐይቁና ሰማዩ አንድ ዓይነት አመድማ ይሆኑና የትኛው የት እንደሚያልቅ አይለይም። ከዚያ ውስጥ ጀልባ ብቅ ይላል። ማታ መረብ የጣሉት ዓሣ አጥማጆች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ወርደው ጀልባቸውን ወደ ዳር ይጎትታሉ። ቆሮሶው ለብቻ፣ አምባዛው ለብቻ ይደረደራል። አባ ኮዳ የሚባለው ያ ራሰ በራ ወፍ ደግሞ እንደ እድር ዳኛ ኮስተር ብሎ ዙሪያውን ይቆማል፤ የዓሣ ሆድ ዕቃ የተጣለ እንደሆነ ግን ዳኝነቱን ረስቶ ይሻማል!

ዝናቡ ዶፍ ሲሆን ልጆች የእንሰት ቅጠል ይቆርጡና ራሳቸው ላይ ደፍተው ይሮጣሉ። ጃንጥላ ቢሰጣቸው እንኳ ይህን ያህል የሚያምርባቸው አይመስለኝም። መንገዱ ዳር የበቆሎ እሸት ይጠበሳል። ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ይቀረቀርና ተሳፋሪው ሒሳብ ከፍሎ፣ ወርዶ፣ ገፍቶ ይሄዳል። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ሻይ ቤቴ ውስጥ የየዓመቱ ክርክር ይነሳል። አንዱ «ዓሣ ምን አለበት፣ ይጾማል» ይላል፤ ሌላው «ደም ያለው ሁሉ አይበላም» ብሎ ይቆጣል። እስከ ቡሄ እንዲህ ይባባላሉ። ማታ ላይ ጉማሬ ሣር ፍለጋ ከውሃ ስለሚወጣ በጨለማ ዳርቻው አይኬድም። ሰው ሁሉ በጊዜ ቤቱ ይገባና የቆርቆሮውን ድምፅ እየሰማ ይተኛል።

እስከዚህ ድረስ ዘመዶቼ ልክ ናቸው፤ መታደል ነው። ቀሪው ግን ፖስት ካርድ ላይ የለም።

ክረምት ማለት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ተዘጋ ማለት ደግሞ የቡሹሎ ልጅ ሁሉ ሐይቁ ውስጥ ነው ማለት ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ፣ አንዱ ይዋኛል፣ አንዱ ከብት ያጠጣል፣ አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ ሌላው ሣሩ ሥር በመንጠቆ ዓሣ ይፈልጋል። ጎረቤቴ የሆነች አንዲት እናት ከመካከላቸው አንድ የ10 ዓመት ልጅ አላት። አባትየው ዓሣ አጥማጅ ነው። ልጁ የታወቀ ዋናተኛ ነበር፤ ከውሃው የሚያወጣው ረኃብ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ታዲያ ይህ ልጅ ሻይ ቤቴ በር ላይ ተቀምጦ መዋል አመጣ። ሆዱን ይይዛል፣ ይደክመዋል፣ ፊቱ ገርጥቷል። እናቱ «እሸት በልቶ ነው» አለች። ሌላዋ «ብርድ መትቶት ነው» አለች። ዝንጅብል ተፈላ፣ ጤና አዳም ተቀቀለ። መጨረሻ ላይ ግን ልጁ ሰገራው ውስጥ ደም ማየቱን እያፈረ ለታላቅ እህቱ ነገራት። በማግስቱ ሕክምና ተወሰደ። ባለሙያዋ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን በላ?» የሚል አልነበረም። «ሐይቅ ይገባል?» የሚል ነበር።

ሰገራው ተመረመረ። ቢልሃርዚያ!

እናቱ የዚያን ዕለት ሻይ ቤቴ መጥታ አለቀሰች። «እኔ ልጄን አስማት ያደረጉበት መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የምናጥብበት ውሃ ነው!» አለች። ነገሩ ግን የእሷ ቤት ብቻ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. እዚሁ ቡሹሎ ውስጥ ስለ ተካሄደ ምርመራ የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚህ በሽታ መያዛቸውን አሳይቷል። ከግማሽ በላይ! እንግዲህ ልጆቹ ሰብሰብ ብለው ሲዋኙ ስታዩ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

በሽታው እንዴት እንደሚይዝ ባለሙያዋ ያስረዳችን እንዲህ ነው። የታመመ ሰው ውሃ ዳር ሜዳ ላይ የተጸዳዳ እንደሆነ የክረምቱ ጎርፍ ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ይፈለፈልና ዳርቻው ሣር ላይ የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተራብቶ ሲወጣ በዓይን የማይታይ ትል ሆኖ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ የሰው ቆዳ ካገኘ ሳይነክስ፣ ሳያሳምም ሰርስሮ ይገባል። መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል። ትሉ በብዛት የሚወጣው ደግሞ በፀሐይ፣ በእኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ማለትም ልክ ልጆቹ በሚዋኙበት ሰዓት። ሐይቃችን እንደምታውቁት የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ የለውም። የሰጠነውን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል።

አሁን ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ «ሐይቅ አትግቡ!» ማለት ነው። እኔም ለአባትየው ይህንኑ ስነግረው ቡናውን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ ውሃ አትንካ ካሉኝ እንጀራ አትብላ ማለትዎ ነው» አለኝ። ምን ይመለሳል? መረብ ከደረቅ መሬት አይጣል! ለእንግዳው ሐይቁ የቅዳሜ መዝናኛ ነው፤ ለእሱ ሞሰብም፣ ቢሮም፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም ነው። «ተጠንቀቁ» ብሎ መሄድ ለእንግዳ ይቀላል። አብሮ የሚኖር ግን ሊኖሩበት የሚቻል ምክር ማግኘት አለበት።

መልሱን ያገኘችው ሚስትየው ናት። እንዲያውም ክረምቱ ራሱ ነው የሰጣት። አንድ ቀን ዶፍ ሲወርድ ከሻይ ቤቴ ቆርቆሮ የሚንዠቀዠቀውን ውሃ አየችና «እትዬ፣ እኛ እኮ ሰማይ ቤታችን ድረስ ያመጣልንን ውሃ ደፍተን ነው ሐይቅ የምንወርደው!» አለች። ወይ ጉድ! ስንት ክረምት ሙሉ ስንደፋው ኖረናል። የጣራ ውሃ ቀንድ አውጣ የለበትም። በሳምንቱ ባልየው አሮጌ ቆርቆሮ አጥፎ አሸንዳ ሠራ፣ ሁለት በርሜል ተገዛ። ከዚያ ወዲህ ልብስ የሚታጠበው ግቢ ውስጥ ነው፤ ልጆቹም የሚታጠቡት ከበርሜሉ ነው። አባትየው ግን ሐይቁን አልተወም፤ ሊተወውም አይችልም። እሱ የሚገባው ማታና ማለዳ ነው። ያ ሰዓት ትሉ የሚቀንስበት እንጂ የሚጠፋበት ስላልሆነ በየጊዜው ይመረመራል።

ቤተሰቡ በሙሉ ተመርምሮ ከአምስቱ ሦስቱ ተገኘባቸው፤ ሦስቱም ፕራዚኳንቴል የሚባለውን ክኒን ዋጡ። መራራ ነው፤ ምግብ ሳይበሉ ከዋጡት ደግሞ ያቅለሸልሻል። ትሉን ግን ይገድላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ ያድናል እንጂ ሁለተኛ እንዳይዝ አይከላከልም። ድኖ ያው ውሃ ውስጥ የገባ ልጅ ያው በሽታ ይጠብቀዋል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ደረጃ ለተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ መድኃኒት የማደል ሥራ ተጀምሯል፤ ዕደላ ሲኖር ልጃችሁን «መራራ ነው» ሲላችሁ አዝናችሁ ቤት አታስቀሩት።

ሐይቅ፣ ወንዝ ወይም ግድብ ዳር ለምትኖሩ፣ ከጎረቤቴ ቤት የተማርነውን ላካፍላችሁ፦

አንደኛ፣ መጸዳጃ ቤት ቆፍሩ። ሰገራ ውሃ ካልገባ ዑደቱ ይቆረጣል። ይህ ለራስ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም ነው፤ የአንድ ቤት ንጽሕና ብቻውን ሐይቅ አያጸዳም።

ሁለተኛ፣ ክረምት ሳለ የጣራ ውሃ አጠራቅሙ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን ቆሻሻ ይጠብ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ያዙ። ለመጠጥ ከሆነ አፍሉት። በርሜሉን ደግሞ ክደኑ! ክፍት ውሃ የወባ ትንኝ ይስባል፤ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ወባዋ እንደምትበረታ የሐዋሳ ሰው አይነገረውም።

ሦስተኛ፣ የሐይቅ ውሃ ለመታጠቢያ የግድ ከሆነ ቀድታችሁ፣ ከድናችሁ፣ ሁለት ቀን አሳድሩት፤ ትሉ ሰው ካላገኘ ይሞታል። ወይም አፍሉት።

አራተኛ፣ ልጅ ሆዱን ሲያመው፣ ሲገረጣ፣ ሰገራው ደም ሲኖረው እሸቱን ብቻ አትክሰሱ። አስመርምሩት። ደግሞም አትቆጡት፤ የተቆጡት ልጅ ይደብቃል።

እናንተም እንግዶቻችን ኑ! ዓሣችንን ብሉ፤ የበሰለ ዓሣ ቢልሃርዚያ አያስይዝም። አሞራ ገደል ሄዳችሁ ትኩሱን ሾርባ ጠጡ፣ በጀልባ ተንሸራሸሩ። እግራችሁን ሣሩ ዳር ነክራችሁ ፎቶ ለመነሳት ግን አትቸኩሉ።

ያ ልጅ ዘንድሮ ፊቱ ሞልቷል። ሐይቁን ማየት አልከለከልነውም፤ ለዋናተኛ ልጅ ይህም ቅጣት ነው። ከአባቱ ጋር መረብ ይጠግናል፣ ዓሣ ይገፍፋል፣ ታናናሾቹ ወደ ውሃው ሲሮጡ ደግሞ «ቀንድ አውጣዋ ትበላሃለች!» እያለ ያስፈራራቸዋል። ይስቁበታል። አንዳንዶቹ ግን ይመለሳሉ።

በሉ፣ ዝናቡ ጀመረ፤ እኔም በርሜሌን ልክፈት። ቸር ያሰንብተን!