የነገሌ መንገድና መኪኖቹ

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ በሻሸመኔ፣ በሐዋሳ፣ በሀገረ ሰላምና በቦሬ ያልፋል። ቦሬ ደጋ ነው፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ከቦሬ በኋላ መኪናው ቁልቁል ወደ አዶላ ይወርዳል። ደኑ እየሳሳ ይሄዳል፤ ግራሩ ይበዛል። ያኔ ቆላው ውስጥ መግባታችንን እናውቃለን።

ዱሮ በዚህ አገር መኪና አልነበረም። ሰው በእግሩ ይሄድ ነበር። ጭነቱን ግመልና በቅሎ ይሸከሙ ነበር።

መኪና በብዛት የመጣው በጦርነት ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በግራዚያኒ አዛዥነት ከዶሎ ተነሣ። ወታደሩንና ስንቁን በካሚዮን ጫነ። የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ግን አብዛኛው እግረኛ ነበር። ስንቅም አጠረው። በዚያው ዓመት በጥር ወር ነገሌ በጠላት እጅ ወደቀች።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። ቃላቱ ግን ቀሩ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፖርቶመጋላ የምንለው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ የጭነት መኪናው ሰውም መጫን ጀመረ። ተሳፋሪው ከጆንያ ላይ ተቀምጦ አቧራ እየቃመ ይጓዝ ነበር። ቀጥሎ አውቶቡስ መጣ። አገር አቋራጩ አውቶቡስ ሌሊት አይነዳም ነበር። ሲመሽ መንገድ ላይ ካለ ከተማ ያድራል፤ ሲነጋጋ ይነሣል።

ከጊዜ በኋላ ደግሞ ቅጥቅጥ መጣ። ቅጥቅጥ ከታች የአይሱዙ የጭነት መኪና ነው። አካሉ ግን እዚሁ አገራችን ተቀጥቅጦ ይሠራል፤ ወንበርም ይገባለታል። ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ዛሬ በከተማ ውስጥ ባለ 3 ጎማው ባጃጅም አለ።

ሌላው የቆላ መንገድ የሞያሌ ነው። በዲላ፣ በቡሌ ሆራና በሜጋ አልፎ ከኬንያ ድንበር ይደርሳል። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች የሐዋሳ ሞያሌን አስፋልት መርቀዋል።

እንግዲህ መኪናው ተለውጧል፤ መንገዱም ተሻሽሏል። ማንበብ የማይችል ተሳፋሪ ግን ዛሬም ችግር አለበት። ረዳቱ «ግባ» ሲለው ይገባል። «ይህን ያህል አምጣ» ሲለው ይከፍላል። በበዓል ዋዜማ ዋጋ ሲጨመርበት መከራከሪያ የለውም። ፍየል ሸጦ ያገኘው ብር መንገድ ላይ ያልቃል።

እኛ ግን ፊደል ቆጥረናል። ስለዚህ ስንሳፈር 3 ነገር እናንብብ።

1. ታፔላውን እናንብብ። መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ይነግረናል።

2. ታሪፉን እናንብብ። ዋጋው የሚሰላው በኪሎ ሜትሩና በመኪናው ደረጃ ነው። የአስፋልትና የጠጠር መንገድ ዋጋም ይለያያል።

3. ትኬቱንና የሰሌዳ ቁጥሩን እናንብብ። የከፈልነው ብር በትኬቱ ላይ መጻፉን እንይ። የሰሌዳ ቁጥሩን በወረቀት እንያዝ። ዕቃ ቢጠፋ ወይም አደጋ ቢደርስ ማስረጃችን እሱ ነው።

ማንበብ የማይችሉ ሽማግሌ ወይም እናት ከጎናችን ቢቀመጡ ደግሞ ዝም አንበል። ትኬታቸውን ተቀብለን እናንብብላቸው።