የናፈቀኝ ስጎ

ቤት በገባሁበት ምሽት የወንድሜ ሚስት ዶሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። አሥራ ሁለቱም ብልት ሙሉ ነበር፤ ቅቤው ከወጡ በላይ ወጥቶ ያብለጨልጫል፣ እንጀራው ገና ከምጣድ የወጣ ነው። ሁለት ቀን እንደደከመችበት ያስታውቃል። ሦስት ጊዜ አጎረሰችኝና፣ "አሁን ንገሪኝ እህቴ፣ በዚህ ሃያ አራት ዓመት ከሁሉ አብልጦ የናፈቀሽ ምግብ የቱ ነው? ነገ እሱን ነው የምሠራልሽ" አለችኝ።

ሳላስብ "ፓስታ በስጎ" አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። እሷ ገና ያልተነሣውን ሞሰብ ተመልክታ፣ "ለፓስታ ነው ያን ሁሉ ባሕር አቋርጠሽ የመጣሽው?" አለች። ቅር እንዳላት ገባኝ፤ የምመልሰው ግን አልመጣልኝም።

አሜሪካ ስኖር እንጀራ አጥቼ አላውቅም። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የኖርኩት ዋሽንግተን ዙሪያ ነው፤ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የሐበሻ ሱቅ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ እንጀራ ከመደርደሪያ ይነሣል፤ በርበሬውም፣ ሽሮውም፣ የተነጠረው ቅቤም ከጎኑ አለ። ክትፎ፣ ጥብስ፣ በያይነቱ ያማረው ሰው የሚሄድበት ቤት ሞልቷል። በዓመት በዓልም ዶሮው ይሠራል፣ ቡናው ይፈላል። በዚህ በኩል አገሬ ተከትላኝ መጥታለች ማለት ይቻላል። ያልተከተለኝ አዲስ አበባ "የፈረንጅ ምግብ" የምትለው ነው፤ የሰፈሩ ሆቴል ፓስታ፣ ከምድጃ ወጥቶ ገና እየፈላ የሚቀርበው ላዛኛ፣ አሮስቶው፣ ኮቶሌቱ። እነዚህን ፈረንጅ አገር ውስጥ ስፈልግ ኖሬ አላገኘኋቸውም።

ሙያዬ ደግሞ ምግብ ማብሰል ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ሰባቱን ዓመት የቆምኩት ፓስታ ላይ ነው። ጣሊያኖች ፓስታ ጥርስ ሥር ትንሽ መቋቋም አለበት ይላሉ። አንድ ደቂቃ ካለፈበት ይደፋል፤ በእጄ የደፋሁትን እኔ አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ፓስታ ስቀቅል ውዬ ማታ አውቶቡስ ላይ የሚናፍቀኝ ፓስታ ነበር፤ ያ ግን ሌላ ፓስታ ነው።

ልዩነቱ የት እንዳለ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ጣሊያን ሽንኩርቱን ከካሮትና ከሰለሪ ጋር አድቅቆ በዘይት ያለሰልሰዋል፤ ቀስ አድርጎ፣ እንዳያርበት እየፈራ። የእኛ ሰው ቀይ ሽንኩርቱን ብቻውን ድስት ውስጥ ይጨምርና እንደ ወጥ ያቁላላዋል። ውሃው እስኪመጥ፣ ቀለሙ እስኪጠቁር ይጠብቃል። ዘይቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፣ የቲማቲም ድልህ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ በማንኪያ ጫፍ በርበሬ፤ ከዚያ ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ እያማሰሉ፣ ዘይቱ ራሱን ችሎ ከላይ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። በሶብላው እንኳ ይለያል። እነሱ እርጥብ ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ እኛ ደርቆ ከበርበሬው ጋር የተፈጨውን ነው የምናውቀው። ስሙ የጣሊያን ቢሆንም ስጎ ወጥ ነው። ፓስታውም ለስለስ ብሎ የሚቀቀለው ሙያ ስለጎደለ አይደለም፤ በእንጀራ ሊጠቀለል ስለሆነ ነው። ጥርስ የሚቋቋም ፓስታ ከእንጀራ ውስጥ እየሾለከ ያስቸግራል።

የአባቴ አባት ፓስታ ቤታቸው አላስገቡም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ታላቅ ወንድማቸውን ያጡ ሰው ነበሩ፤ ፓስታ ለእሳቸው የግራዚያኒ ስንቅ ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ንጉሠ ነገሥቱ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ስለነበር አገር ውስጥ የቀሩ ጣሊያኖች ነበሩ፤ አንዳንዱ ጋራዥ፣ አንዳንዱ የእንጨት ሥራ፣ አንዳንዱ ምግብ ቤት ከፈተ። አያቴ በመንገድ ሲያገኟቸው ሰላምታ አይነፍጉም ነበር አሉ፤ ምግባቸውን ግን እስኪሞቱ አልቀመሱም። ቃሉን ማገድ ግን ለማንም አልተቻለም። እኛ ልጆቹ ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ካዛንችስ፣ ፖፖላሬ እያልን ነው ያደግነው፤ ፉርኖ፣ ማኪያቶ፣ ስጎ የሰው አገር ቃል ናቸው ቢለን የምንሰማው አልነበረም። አራዳ ፒያሳ የተባለው፣ ገበያውም ወደ ምዕራብ ተገፍቶ መርካቶ የሆነው በአምስቱ የወረራ ዓመታት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አባቴ ደመወዝ በተቀበለ ማግሥት በሚመጣው እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተሰቡን ይዞ ፒያሳ ይወጣ ነበር። ፍራንቼስኮ ካስቴሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 የከፈተው ስመ ጥር ምግብ ቤት ለእኛ የሚቀመስ አልነበረም፤ በደጁ ስናልፍ አባቴ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የእኛው ከዶሮ ማነቂያ ወጣ ብሎ ያለ ትንሽ ቤት ነው። ነጭ ካፖርት የለበሱ አስተናጋጆች፣ የላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ፣ መጀመሪያ ሾርባ ከፉርኖ ዳቦ ጋር፣ ቀጥሎ ፓስታ። አባቴ ሹካውን በማንኪያው ጎድጓዳ ላይ እያዞረ አንድም ሳይንጠባጠብበት ይጠቀልል ነበር። እናቴ ሹካውን አንስታ ዳር ታስቀምጠውና አስተናጋጁን "እንጀራ አምጣልኝ የኔ ልጅ" ትለዋለች። አባቴ ዓይኑን ይሰብራል። አስተናጋጁ ግን ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ ሁለት እንጀራ ጠቅልሎ ያመጣላታል። በሦስተኛው ወር ሳትጠይቀው ይዞላት መጣ። እኛ ልጆቹ አንዴ በሹካ፣ አንዴ ከእናታችን እጅ እንበላለን። ናፍቆቴ ከዚያ ጠረጴዛ ነው የሚነሣው።

ወንድሜን "ጋሼ፣ እዚያ ቤት ውሰደኝ" ስለው ዝም ብሎ መኪናውን አስነሣ። ሲያቆም ግን ያለንበትን አላወቅሁትም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ አዲስ የተተከለ አበባ፣ መብራት። ዶሮ ማነቂያም፣ እሪ በከንቱም በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማቱ ፈርሰዋል። በዚያው ዓመት የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከፍ ብሎ ይታያል። ንጹሕ ነው፣ ያምራል፤ ልጆች በነፃነት ሲሮጡ አይቻለሁ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የቤቱን በር በዓይኔ ልተክልበት የምችል አንድ ድንጋይ እንኳ አጣሁ። ወንድሜ በጣቱ ባዶ አየር እያመለከተ "ወጥ ቤቱ በዚህ በኩል ነበር፣ እናታችን የምትቀመጠው እዚህ ጋ" ይለኛል። ያ ስጎ የጽሑፍ መመሪያ አልነበረውም፤ በሠራተኞቹ እጅ ነበር። ሠራተኞቹ ደግሞ የት የት እንደተበተኑ የነገረን ሰው አልተገኘም። ሕንፃ ሲፈርስ ፎቶው ይቀራል፤ ድስቱን ግን ማንም አልመዘገበውም። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

ቀኑ ረቡዕ ስለነበር ለጾም ምሳ እግራችን ወደ ጣይቱ ሆቴል ወሰደን። በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ተጎድቶ እንደነበር ስለሰማሁ ፈርቼ ነበር የገባሁት፤ የእንጨት ወለሉ ከእግሬ በታች ሲንጫጫ ልቤ መለስ አለ። እቴጌ ጣይቱ ይህን ሆቴል በ1898 ዓ.ም. ሲያቋቁሙ በገንዘብ መብላት ለአገሬው እንግዳ ነገር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው እየመጡ፣ በልተው ሒሳብ እየከፈሉ አስለመዱ ተብሎ ይተረካል። እንግዳን በነፃ ማብላት ክብር በሆነበት አገር ምግብን መሸጥ ምን ያህል አስነዋሪ መስሎ ይሆን? ምግብ ቤቱን ሁሉ እስከ ዛሬ "ሆቴል" የምንለውም ከዚያ የተረፈ ይመስለኛል። እቴጌይቱ በአውሮፓ ወግ ባስጀመሩት ቤት ውስጥ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ አዚፋ፣ ጎመን አንሥተን ተቀመጥን። አዚፋው ሰናፍጩ ልኩን ይዟል፤ አፍንጫ እስኪነካ። አጠገባችን የተቀመጡ ጎብኚዎች ሥጋም ወተትም የሌለበት ምግብ እንዲህ መብዛቱ ሲያስገርማቸው ሰማሁ። እኛ ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን 55 ቀን እየጾምን ያሳደግነው ወጥ ቤት መሆኑን ወንድሜ በትዕግሥት አስረዳቸው።

እሱ መምህር ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት አማርኛ አስተምሮ ነው ጡረታ የወጣው። ይህን የምናገረው ሴት ልጁ ቦሌ የጋበዘችን ዕለት ስለሆነው ነገር ነው። ቤቱ አዲስ ነው፤ መስተዋቱ ሰፊ፣ ወንበሩ ምቹ፣ አስተናጋጆቹ ትሑታን። ሜኑው ሲመጣ ወንድሜ መነጽሩን አድርጎ ብዙ ቆየበት። አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። እንግሊዝኛ ማንበብ አያቅተውም፤ ነገር ግን የምግቡ ስም ግማሹ ጣሊያንኛ፣ ግማሹ ፈረንሳይኛ ነው። ቀስ ብሎ አጠፈውና "አንቺ እዘዢልኝ" አለኝ። ልጁ አንገቷን ደፋች። ሰው በገዛ ከተማው፣ በገዛ ልጁ ግብዣ ላይ፣ የሚበላውን ማንበብ ሲያቅተው ማየት ያማል። ከያንዳንዱ ምግብ ሥር አንድ መስመር አማርኛ ማተም ምን ያህል ይፈጃል?

ምግቡ ላይ ግን ቅሬታ የለኝም። የእንጉዳይ ሪሶቶ አዘዝኩ። ሩዙ ሳይላሽቅ፣ ሳይደርቅ፣ ማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚፈስ ሆኖ መጣ፤ ይህን ብዙ የሠለጠነ ሰው ያበላሸዋል። ያበሰለውን ሰው ላመስግን ብዬ ስጠይቅ አንዲት ወጣት ሴት እጇን በሽርጥ እየጠራረገች ወጣች። "እጅሽ ይባረክ" አልኳት፤ ስንት ጊዜ ቆማ እንዳማሰለችው አውቃለሁ። ሒሳቡን የወንድሜ ልጅ ከፈለች፤ ወንድሜ ወረቀቱን በጨረፍታ አይቶ ፊቱን አዞረ። እኔ ስሄድ አንድ ዶላር 9 ብር አይሞላም ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ100 ብር አልፏል። እኔ በዶላሬ የፈለግሁበት ገብቼ መብላት እችላለሁ፤ ጡረታ የወጣው ወንድሜ ደመወዝ ተቀብሎ ልጆቹን ፒያሳ እንደወሰደው እንደ አባታችን መሆን አይችልም። ይህን ካየሁ በኋላ ከመጋበዝ በፊት ሁለቴ ማሰብ ጀመርኩ።

የባህል ምግብ ቤቱን ጭፈራ አንድ ምሽት አየን፤ ድምፁ በዝቶ እርስ በርስ መነጋገር ስላልቻልን ቶሎ ወጣን። ክትፎ ቤቱ ግን ሙሉ ከሰዓት አስቀመጠኝ። ክትፎ ከቤት ይልቅ በውጭ የሚጣፍጥ አንድ ምግብ ነው ብል የሚቀየመኝ የለም። ሥሩ አንድ በአንድ ተለቅሞ የተከተፈ ቀይ ሥጋ፣ ቅቤውና ሚጥሚጣው አንዱ አንዱን ሳይውጥ፣ ለብ ለብ ብሎ በጣባ መጣ፤ ከጎኑ አይብ፣ ጎመን፣ ስስ ሆኖ የተጋገረ ቆጮ። ጉራጌዎች ሰንጋውን፣ እንሰቱንና ቅቤውን አንድ ላይ ያሰቡበት ጥበብ ነው። ከዚያ ቶሞካ ቆሜ ማኪያቶ ጠጣሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1953 ጀምሮ ቡና ሲቆላበት የኖረ ቤት ነው፤ ሽታው ልብሴ ላይ አድሮ ነጋ።

ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ፣ እሁድ ጠዋት፣ የወንድሜ ሚስት ከማድቤት ጠራችኝ። የሽንኩርት ቁና ከፊቷ አለ። "ፓስታ ነው ያልሽው? ነይ ላጪ" አለች። ኩርፊያዋ የለም። ተቀምጬ መላጥ ጀመርኩ። ድስቱን ያለ ዘይት ጥዳ ሽንኩርቱን ስትገለብጥበት ቀና አልኩ።

"ይህን ማን አሳየሽ?"

"እማማ ናቸው። አባታችሁ ካረፉ በኋላ ፒያሳ መውጣት ተዉ። እሁድ እሁድ እዚሁ ይሠሩት ነበር። ሆቴል ቤቱ ድረስ ሄደው ወጥ ሠሪዋን ጠይቀው ነው የተማሩት።"

እናቴ በ2005 ዓ.ም. ስታርፍ የመኖሪያ ወረቀቴ ስላልተሟላ ልቀብራት አልመጣሁም። በስልክ በተነጋገርንባቸው ዓመታት ሁሉ ስለዚህ ስጎ አንድም ቀን አላነሣችልኝም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ያን ምሽት ከሞሰቡ አጠገብ ስሙን ስጠራ ቤቱ ለምን ጸጥ እንዳለ አሁን ገባኝ።

ማማሰያውን ተቀበልኳት። የሽንኩርቱ ውሃ መጥጦ ከድስቱ ሥር መያዝ ሲጀምር፣ ሆቴል እንደለመድኩት ዘይቱን አነሣሁ። እጄን ያዘችኝ።

"ገና ነው" አለች። "እማማ እስኪጠቁር ይሉ ነበር።"

ዘይቱን አስቀምጬ ማማሰሌን ቀጠልኩ።