ቶዮታ መቼ ነው የአገራችን መኪና የሆነው?

ደብረ ታቦር ላይ አንድ ሰው መኪና ሊገዛ ነው ከተባለ ወሬው ከብሩ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። የዚህኛውም ወሬ እንዲሁ ሆነ። ሰውዬው ዐሥራ ስድስት ዓመት የሰው መኪና የነዳ ሹፌር ነው፤ ከደብረ ታቦር ወረታ፣ ከወረታ ባሕር ዳር፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ በነፋስ መውጫ በኩል እስከ ጋሸና። ባለቤቱ ከእናቷ የወረሰችው ቤት ተሸጠ፣ የሁለት ዓመት ዕቁብ ተጨመረበት፣ ከዘመድ የተበደሩትም አለ። ቤቱ አንዴ ተሸጧል። መኪናው ቢበላሽ ተመልሶ የሚገባበት ነገር የለም።

ምርጫው ሦስት ነበር። አንደኛው ሕዝቡ «ዶልፊን»፣ «አባዱላ» እያለ ስም ያወጣለት አሮጌው ቶዮታ ሃይስ ነው። ሁለተኛው አገር ውስጥ የተገጣጠመ አዲስ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ነው። ሦስተኛው ቅጥቅጥ ነው፤ የአይሱዙ ጭነት መኪና ሻንሲ ላይ እዚሁ አገር ላሜራ ተቀጥቅጦ፣ ወንበር ተበይዶ የሚሠራው አውቶቡስ።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። በስልክ አልለቀው አለ። «ጋሼ፣ ሰው ወደ ፊት ሲሄድ እርስዎ የሃያ ዓመት መኪና ሊገዙ ነው? የናፍጣ ሰልፍ አልመረርዎትም? ደግሞ የአገር ምርት ነው፤ እኛ ካልገዛን ማን ይግዛው?»

«የአገር ምርት» የምትለዋ ቃል ሰውዬውን አስቸገረችው። እንደ ማንኛውም ሰው አገሩን ይወዳል። ግን የአገር መኪና የሚባለው የቱ ነው?

ለምሳሌ ሆላንድ ካርን እናስታውስ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ሽርክና ሆኖ ተቋቋመ። መኪኖቹን አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ ብሎ በወንዞቻችን ስም ጠራቸው። ስሙ የእኛ ነበር፤ ክፍሎቹ ግን መጀመሪያ ከቱርክ፣ በኋላም ከቻይና ይመጡ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ድርጅቱ ኪሳራ ውስጥ ገባ። አባይን የገዛ ሰው መለዋወጫ ፍለጋ የት ይሂድ? ስሙን እንደ ባለቤቱ መጥራት ቀላል ነው፤ የበሩን እጀታ ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከዚያ ወዲህም ሙከራው አልቆመም። በዱከም ሊፋን ተገጣጥሟል፣ በመቀሌ ፔጆ ተሞክሯል፣ የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር ሂዩንዳይ ገጣጥሞ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የኤሌክትሪኩን አዮኒክ አሳየ። በደብረ ብርሃን የበላይነህ ክንዴ ግሩፕ ሚኒባስና አውቶቡስ ይገጣጥማል። ከሁሉም ቀደም ብሎ፣ ከንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ጀምሮ፣ አምቼ የጣልያን ጭነት መኪኖችን ሲገጣጥም ኖሯል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈሩ ሳይቀር በስሙ ይጠራል።

መንግሥት በበኩሉ ሰዉን ወደዚህ ለመግፋት ብዙ በትር አንስቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከእንግዲህ አይገባም አሉ። ለኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ቀረጡ እንዲህ ተደለደለ፤ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ገብቶ እዚህ ለሚገጣጠም ዜሮ፣ በከፊል ተበትኖ ለሚገባ 5 በመቶ፣ ተሠርቶ ላለቀ 15 በመቶ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ዘለለ። ይሄ ሁሉ ሲደመር ሰውዬው አሮጌ ቶዮታ ይረክሳል ብሎ ጠብቆ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። የማይገባ ዕቃ ይወደዳል። እዚህ አገር አሮጌ ቶዮታ ዓመት በተቆጠረበት ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዓለም ላይ መኪና ገዝቶ ነድቶ፣ አርጅቶበት፣ ከገዛበት አስበልጦ የሚሸጥ ሰው ብዙ ያለ አይመስልም። ኮሮላ ዲኤክስ በር ላይ ያቆመ የደብረ ታቦር ጡረተኛ ባንክ ሒሳቡን ጎማ ላይ አስቀምጧል ማለት ነው።

ሰውዬው ምክር ሲያጣ ወደ ጋራዡ ሄደ። ጋራዥ ሲባል ከቆርቆሮ በታች ያለ ጥቁር መሬት፣ ሁለት ልጆች፣ አንድ የብየዳ ማሽን ነው። ባለቤቱ ስድሳ ያለፋቸው መካኒክ ናቸው፤ ማንበብ የሚችሉት ከሞተር ቁጥር ውጭ ብዙ አይደለም። ሃይስን ግን በጆሯቸው ያውቁታል። ሞተሩ ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው የትኛው እንደሚንኳኳ ይናገራሉ።

«ስማኝ ልጄ፣» አሉት፣ «እኔ የማልፈታውን መኪና አትግዛ።»

እዚህ ላይ የመካኒኮቹን ቋንቋ ማስተዋል ደስ ይላል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጎማ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፤ ሁሉም ጣልያንኛ ነው። ሃይሱ የጃፓን፣ አብዛኛው መለዋወጫ የቻይናና የታይዋን፣ ብዙዎቹ መኪኖች በዱባይ በኩል የገቡ፣ ቃሉ የጣልያን፣ እጁ የፋርጣ። ማንም ሳይሰበሰብበትና ሪባን ሳይቆረጥለት ሃይስ በየጋራዡ ዜግነት አግኝቷል። ወረታ ላይ ቢቆም መለዋወጫው አለ፤ ጋይንት ላይ ቢቆም ባይኖርም ከሌላ ሃይስ ተፈትቶ የሚመጣለት ሰው አለ። በአንጻሩ ስሙ የእኛ የሆነ፣ እዚሁ የተገጣጠመ መኪና ኮምፒውተሩ ሲዘጋበት የሚከፍተው ሰው አዲስ አበባ ነው ያለው፤ እሱም ካለ።

ቅጥቅጥን ነገሩ እንዴት እንደሚያፍርበት ተመልከቱ። በእውነት እዚህ አገር ተሠራ የሚባል ተሽከርካሪ ቢኖር ቅጥቅጥ ነው። ቅርጹን ያወጣው፣ ብረቱን ያጠፈው፣ ወንበሩን የለካው ኢትዮጵያዊ ነው። ነገር ግን አዲስ የአገር ምርት ሲመረቅ ንግግር የሚያደርግ ባለሥልጣን ቅጥቅጥን ስሙን አያነሳም። ተሳፋሪውም ሌላ ካገኘ አይገባበትም። እውነት ለመናገር ምክንያት አለው። ዕቃ እንዲጭን በተሠራ ሻንሲ ላይ ሰው ሲጫን ባሌስትራው ወገብ ይሰብራል፤ የተበየደ ቦዲ ሲገለበጥ እንዴት እንደሚሆን የደቡብ ጎንደርን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ሰውዬውም ቅጥቅጡን ገና ሳይጠይቅ ተወው። ባለቤቱ «የሰው ነፍስ አልሸከምልህም» ብላው ነበር። ቤቱ የእናቷ ነውና ያለችው ሆነ።

በአገር ምርት መኪና ጉዳይ ደብረ ታቦር ከማንም ቀድማ ታሪክ አላት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ ነው። ከዚያ የወጣው ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል። ቴዎድሮስ ከውጭ መድፍ መግዛት ሳይሆን እዚሁ መሥራት ነበር የፈለጉት፤ ይሄን ሁሉም ያውቀዋል፣ በየንግግሩ ይነሳል። ብዙ የማይነሳው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሴባስቶፖል ተሠራ፣ ግን የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሱ፣ መድፉን ሠረገላ ላይ ጭነው፣ በጠፍር እያስጎተቱ፣ ፊት ፊት ዐለት እያስፈለጡ መንገድ እየሠሩ ሄዱ። እሳቸው ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። በጋይንት በኩል ወጥተው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርደው ተወጥተው መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ነበር። ስድስት ወር ያህል ማለት ነው። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ተቀምጧል፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው አምሳያው ነው።

ዛሬ ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ የመጀመሪያውን ክፍል ከዚያ ጉዞ ጋር ይጋራል። ይህን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ የዕድሜ ባለጸጎች እስካሁን «የቻይና መንገድ» ይሉታል። ማን ሠራው ከሚለው ይልቅ በምን ላይ ይሄዳል፣ ሲሰበር ማን ያነሳዋል የሚለው ጥያቄ ከጋፋት ጀምሮ አልተመለሰም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ለአማቹ ደግሞ ፍትሕ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ልጁ የሚያወራው ከንቱ አይደለም። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጉና ተራራ አጠገቧ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር ባሕር ጠረፍ ላይ ከነበረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ሙሉ ሰው የጫነ አሮጌ ሃይስ ከወረታ ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ጉና ላይም ጉልበቱ ያው ነው። ወደ ፎገራ ሜዳ ሲወርድ ደግሞ ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ነዳጁ መኪና ፍሬኑን እያቃጠለ ሲወርድ የኤሌክትሪኩ ባትሪውን እየሞላ ይወርዳል። ናፍጣ ሲጠፋ፣ በሊትር ሳይሆን በጀሪካን በድብቅ ሲሸጥ፣ ሹፌር ለሊት ማደያ በር ላይ ሲያድር ያየ ሰው ይህን ሊንቅ አይችልም። መሬቱን ብቻ ብናይ ደቡብ ጎንደር ለኤሌክትሪክ መኪና የተሠራ ይመስላል።

መሬቱ ግን ብቻውን አይደለም። መብራት ይሄዳል፤ ሲሄድ ደግሞ ተናግሮ አይሄድም። የኃይል መሙያ ጣቢያ እንደ ነዳጅ ማደያ በየከተማው አይገኝም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ጦርነት መንገድ ሳይታሰብ ይዘጋል፤ ሹፌር ያላሰበበት ቦታ ያድራል፣ ያላሰበበትን ዙሪያ ይዞራል። ናፍጣ በጀሪካን ተሸክመው ሊያመጡለት ይችላሉ። ኤሌክትሪክ በጀሪካን አይመጣም። ሌላም አለ፤ አዲስና የሚያብረቀርቅ መኪና በዚህ ጊዜ ዓይን ይስባል። ያልታጠበ አሮጌ ሃይስ ውስጥ ገንዘብ አለ ብሎ የሚጠረጥር የለም። መኪና የሚያምረው እንዲታይ ነበር፤ አሁን እንዳይታይ የሚመረጥበት ጊዜ መጣ።

ሰውዬው ሃይሱን ገዛ። ከበኩር ልጁ ዕድሜ ይበልጣል። ደላላው «ሞተሩ አልተነካም» ብሎ ማለለት፤ መካኒኩ ከፍተው ሁለት ጊዜ እንደተፈታ ነገሩት፤ እሱም በዚህ ተደራድሮ ጥቂት አስቀነሰ። ሊብሬው በባለቤቱ ስም ሆነ። ዕዳው ገና አላለቀም፤ ፍሪሲዮኑ በሦስተኛው ወር ተቀየረ፤ መንገድ የተዘጋባቸው ሳምንታት ደግሞ ገቢ የላቸውም።

አማቹ የመከረውን ለራሱ አደረገ። ለሥራው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ወሰደ። ለቡሄ ያንን ይዞ ደብረ ታቦር መጣ፤ የከተማዋ በዓል ነውና ብዙ የተበተነ ልጅ በዚያ ቀን ይመለሳል። ባሕር ዳር ሞልቶ ተነስቶ፣ ዳገቱን ድምፅ ሳያሰማ ወጣ። ማታ ከእህቱ ቤት መስኮት ገመድ ተዘርግቶለት ሲሞላ አደረ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ግማሹ ላይ ቀረ። ጠዋት ሙልሙል የያዙ ልጆች ከበው ያዩታል።

መካኒኩ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቆሙ። መኪናውን ዞሩት፤ ጎንበስ ብለው ከሥር አዩት። ጭስ ማውጫውን እየፈለጉ መሆናቸው ያስታውቅ ነበር።

«ክፈተው እስቲ» አሉ።

ከፈተላቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ። ብርቱካናማውን ወፍራም ሽቦ ሊነኩ እጃቸውን ሰደዱ።

«እሱን አይንኩት አባባ፣ ይገድላል።»

እጃቸውን መለሱና በነጠላቸው ጠረጉት። «ይሄን የሚያስተምር የት ነው?» አሉ። «ለእኔ አይደለም፤ ለእነዚህ ለልጆቹ።»

አማቹ አዲስ አበባ ጠይቆ እንደሚነግራቸው ቃል ገባ። ሃይሱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር፤ ረዳቱ «ወረታ፣ ወረታ፣ ባሕር ዳር» እያለ ሰው መጣራት ጀምሯል፤ ሹፌሩ ቁርሱን ሳይጨርስ ወጣ።