ነጃሺ፦ ስደተኞች እፎይ ያሉባት ምድር

ከመቐለ ወደ ዓዲግራት ስንጓዝ፣ ውቅሮን አለፍ እንዳልን የነጃሺን መስጊድ እናገኛለን። በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ የተጎዳው ይህ ስፍራ የመጀመሪያውን ሂጅራ ያስታውሰናል።

በ615 እ.ኤ.አ. የቁረይሾች በደል ሲበረታ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሓቦቻቸውን ወደ ሐበሻ ላኩ። አሳዳጆች ስጦታ ይዘው ተከተሏቸው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ግን በንጉሡ ፊት እምነታቸውን ሳይደብቁ ተናገሩ፤ ከሱረቱ መርየምም ቀሩ። ንጉሡ ስጦታውን መልሰው እንግዶቹን አስጠለሉ። ከፊሎቹ እስከ 7ኛው ዓመተ ሂጅራ ቆዩ።

ውድ አንባቢያን! እነዚህ ሰዎች ቤትና ንብረታቸውን ትተው ነበር የመጡት። ልባቸው የረጋው ለምን እንደሚኖሩ ስለሚያውቁና ያለ ስጋት ስለሰገዱ ነው።

ዛሬ በጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን፣ በአዲስ አበባ በኪራይ ቤት የሚኖር ወንድማችን «ቦታዬ የት ነው?» ይላሉ። የልብ እርጋታ አላህን በማውሳት ይገኛል። ባይተዋርነትን የሚያቀለው ግን በሩን የሚከፍት ጎረቤት ነው። ስለዚህ ሰላታችንን በወቅቱ እንስገድ፤ አዲስ የመጣውንም ጎረቤት ቡና እንጥራው።

አላህ ቤታችንን የእርጋታ ቤት ያድርግልን። አሚን።