አይሮፕላንና የሰገነት መከታ

ሰው በምድር ላይ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ለዐይን የሚታየው ነው፥ ሁለተኛው ተሸፍኖ የሚቀረው ነው። የሚታየውን ሰው ሁሉ ይመሰክርለታል፤ የተሸፈነውን ግን ከሠሪው ኅሊናና ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቀው የለም። ይህን ነገር በቅኔ ቤት ሳለሁ በቃል ተምሬው ነበር፤ በእጄ የተማርሁት ግን ዕድሜዬ ከኀምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ክፍል፥ መኪና በሚያድርበት ቤት ውስጥ አይሮፕላን ሲሠራ አይቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮሎምቦስ ከተማ በቤተ ክርስቲያናችን የሚያገለግል አንድ ወዳጅ አለኝ። በልጅነቱ ዳዊት የደገመ፥ ኋላም ወደዚህ አገር መጥቶ የብረት ሥራ ተምሮ በፋብሪካ የሚሠራ፥ ትዳር ይዞ ሁለት ልጆች የወለደ ሰው ነው። ጾሙንም ጸሎቱንም አያስታጕልም። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በልቡ የተተከለ አንድ ምኞት ነበረው፤ እርሱም መብረር ነው። አስቀድሞ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ተምሮ የነጂነት ፈቃድ ተቀበለ። ለዚህ ፈቃድ ቢያንስ የ40 ሰዓት የበረራ ትምህርት ይፈለጋል፤ የእርሱ ግን ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ብቻ ይማር ስለ ነበር ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀበት። ቀጥሎም የተሠራ አይሮፕላን ለመግዛት ዐቅሙ ስላልፈቀደለት ራሱ ሊሠራ ተነሣ።

አንባቢ ይህን ሲሰማ እንደ እኔ ይደነግጥ ይሆናል፤ በአሜሪካ ግን የታወቀ ነገር ነው። የዚያ አገር ሕግ አንድ ሰው ለትምህርቱ ወይም ለደስታው ሲል አይሮፕላን ቢሠራ፥ ከሥራውም ከግማሽ የሚበልጠው በባለሙያ ሳይሆን በእንደዚህ ያለ ሠሪ እጅ እንደ ተሠራ ቢያስረዳ፥ ተመርምሮ ፈቃድ እንዲሰጠው ያደርጋል። በዚህ አይሮፕላን ሰውም ሆነ ዕቃ ጭኖ ዋጋ መቀበል ግን ክልክል ነው። እንዲህ ያሉ ሠሪዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. ማኅበር አቋቁመዋል፤ በየዓመቱም በዊስኮንሲን ክፍል በኦሽኮሽ ከተማ እጅግ ብዙ ሆነው ይሰበሰባሉ። ወዳጄ የመረጠው በኦሬገን ክፍል ያለው ቫንስ የተባለው ኩባንያ የሚያወጣውን፥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጠውን አር ቪ ዘጠኝ የተባለውን ነው። ኩባንያው የአልሙኒየሙን ቆርቆሮና የአሠራሩን ሥዕል በሣጥን አድርጎ ይልካል፤ ማጋጠሙ ግን የገዢው ሥራ ነው።

አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ባለቤቱ ወደ እኔ ቀርባ፦ «የኔታ፥ እርስዎን ያከብራልና ይከልክሉልኝ። ልጆቼን ያለ አባት ሊያስቀራቸው ነው። ይህስ እግዚአብሔርን መፈታተን አይደለም ወይ?» አለችኝ፤ ዕንባም በዐይኗ ሞላ። እኔም ጌታችን በመቅደስ ጫፍ ቆሞ የተፈተነውን ፈተና አሰብሁ፤ ሲሞን መሠርይም በሮም ከተማ ወደ አየር ወጥቶ በጴጥሮስ ጸሎት ወደቀ የሚባለው ትዝ አለኝ። ስለዚህ ልገሥጸው ቈርጬ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ወደ ቤቱ ሄድሁ።

በደረስሁ ጊዜ 8 ሜትር ተኩል ከሚሆነው ክንፍ ግማሹ በእንጨት መቆሚያ ላይ ቆሞ፥ እርሱም መሣሪያ ይዞ ብቻውን ሲተክዝ አገኘሁት። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ ብሎ፦ «የኔታ፥ ማን እንደ ላከችዎ ዐውቄአለሁ። ተግሣጹ ይቆየኝና ይህችን ብረት ይያዙልኝ፤ ሁለተኛ ሰው አጥቼ ቆሜአለሁ» አለኝ።

የአይሮፕላኑ ቆርቆሮ የሚያያዘው ሪቬት በሚባል አጭር የአልሙኒየም ችንካር ነው። አንዱ ሰው በውጭ ሆኖ በአየር ኀይል በሚመታ መሣሪያ የችንካሩን ራስ ይመታል፤ ሁለተኛው ከውስጥ ሆኖ ከባድ የብረት ቍራጭ ከችንካሩ ጫፍ ጋራ ያጋጥማል፤ በሁለቱ መካከል የችንካሩ ጫፍ ተጠፍጥፎ ይቀራል። የተጠፈጠፈው ጫፍ ስፋቱ የችንካሩን ውፍረት አንድ ጊዜ ተኩል፥ ከፍታው ግማሹን ሊያህል ይገባል። ቢጎብጥ ወይም ቢሰነጠቅ በመብሻ ተነቅሎ ሌላ ይተካበታል። እንዲህ ያለው ችንካር በአንዱ አይሮፕላን ከ10,000 በላይ ነው። ልገሥጽ የሄድሁት ሰው በዚያ ቀን እስኪመሽ ድረስ ብረት ይዤ ዋልሁ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ቅዳሜ ተመላለስሁ።

አሁን የማፍርበትን ነገር እናገራለሁ። በሁለተኛው ዓመት የጅራቱን ክፍል ስንሠራ፥ እኔ መብራት ይዤ በጠባቡ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ ነበር። ሰዓቱ መሽቷል፥ ክንዴም ዝሏል። አንዱን ችንካር ሲመታ ብረቱ ከእጄ ተንሸራተተና ጫፉ ወደ ጎን ጎበጠ። እርሱም በውጭ ሆኖ፦ «የኔታ፥ ደኅና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፦ «ደኅና ነው» አልሁት። ስፍራው ሰው የማያየው ስፍራ ነበር፤ እርሱም ቃሌን አምኖ ወደ ሚቀጥለው ዐለፈ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በቅኔ ቤት ተማሪ ቀኑን ሲቈጥር የዋለውን ቅኔ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቃሉ ምንም ቢያምር ምሥጢሩ የጎበጠውን አይቀበለውም። እኔ በዚህ ሥርዓት ስንቱን ልጅ፦ «ይህ አልሆነም፥ ሂድና እንደ ገና ቍጠር» ብዬ መልሻለሁ! ዛሬ ግን የራሴን ጕድለት በአንድ ቃል ሸፈንሁ። በማግሥቱ እሑድ በቅዳሴው መካከል እርስ በርስ ሰላምታ በምንሰጣጥበት ጊዜ፥ ሁለቱ ልጆቹ ከፊቴ ቆመው አየሁና አንገቴን ደፋሁ። ቅዳሴው እንዳለቀ ወደ እርሱ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርሁት።

አልተቈጣኝም። ጥቂት ዝም ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «የኔታ፥ ከዐሥር ሺህ ችንካር አንዱ ቢጎብጥ አይሮፕላኑ አይወድቅም። ነገር ግን ‹ደኅና ነው› የሚለው ቃልዎ ከጎበጠ እኔ በምን ልብረር?» እሑድ ሥራ አይሠራምና ሰኞ ማታ ነቅለን ሌላ ተካንበት። የጎበጠውን ችንካር ለምኜው ወሰድሁና በዳዊቴ ማኅደር ውስጥ አኖርሁት፤ እስከ ዛሬም አለ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ወደ ዴይተን ከተማ ወሰደኝ። የራይት ወንድማማቾች ብስክሌት እየጠገኑ የመጀመሪያውን አይሮፕላን ያሰቡበት ከተማ ነው። አባታቸው ሚልተን ራይት የወንጌላውያን ጳጳስ እንደ ነበረ፥ ልጆቹም እሑድ እንደማይበሩ በዚያ ተረዳሁ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታኅሣሥ 13 ቀን 1903 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና ባሕር ዳር አየሩ ለመብረር የተመቸ ነበር፤ እነርሱ ግን ቀኑ እሑድ ስለ ነበረ ተዉት። በማግሥቱ ቢሞክሩ ጥቂት ተሰበረባቸው፤ ጠግነው በ17ኛው ቀን ኦርቪል 12 ሴኮንድ በረረ፥ 36 ሜትር ተኩልም ያህል ሄደ። ከዚህ በፊት ሦስት ዓመት ያህል ሞተር በሌለው መንሳፈፊያ ተለማምደዋል፤ የነፋስ መፈተኛ ሣጥን ሠርተውም 200 የሚያህል የክንፍ ዐይነት መርምረዋል። እንዲህም ሆኖ በ1908 ዓ.ም. መዘውሩ ተሰብሮ ኦርቪል ሲወድቅ፥ አብሮት የተቀመጠው ቶማስ ሰልፍሪጅ የተባለው መኰንን ሞተ። ሽማግሌው አባት ግን ልጆቹን አልከለከለም፤ በ1910 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ ከኦርቪል ጋራ ተቀምጦ በረረ፥ ከፍ እንዲልም ልጁን ጠየቀው ይባላል።

በመመለሻችን መንገድ የእኛንም አገር ነገር አሰብሁ። ክብረ ነገሥት ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ በአየር የሚሄድ ዕቃ እንደ ሰጣት ይናገራል፤ በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋራ ሆኖ በአዲስ አበባ የሠራትን «ፀሐይ» የተባለችውን አይሮፕላን ጣልያኖች ወስደዋት ኖራ፥ በ2016 ዓ.ም. ወደ አገርዋ ተመልሳለች። እንግዲህ መብረርን መመኘት ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም።

ሥራው በስድስተኛው ዓመት ተፈጸመ። 160 የፈረስ ጕልበት ያለው ሞተር ተገጠመበት፤ መርማሪውም መጥቶ አይቶ ፈቃዱን ሰጠ። ሕጉ እንደሚያዝዘው አይሮፕላኑ በሰው እጅ ለሙከራ የተሠራ መሆኑን የሚናገር ጽሕፈት ለሚሳፈር ሰው በሚታይ ስፍራ ተለጠፈበት። በመጀመሪያዎቹ 25 ሰዓታት በተወሰነ ስፍራ ላይ ብቻውን እንዲበር ታዘዘ፤ ሌላ ሰው ማሳፈር አልተፈቀደለትም። ባለቤቱ በሜዳው አጥር አጠገብ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማ ታይ ነበር፤ ቢወርድም አትስቅም። የሙከራው ሰዓት ተፈጽሞ፦ «ነዪ፥ ተቀመጪ» ባላት ጊዜም እንቢ አለች።

በኅዳር ወር ግን አንድ ነገር ሆነ። በኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ዘመዶቻቸው ወንድ ልጅ ወልደው ክርስትና አባት እንዲሆን ጠርተውት ነበር። የወንድ ልጅ ጥምቀት 40 ቀን ሲሞላው ነውና ቀኑ አይለወጥም። ከተማው በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ እርሱ ግን ዐርብ እስከ ማታ ሥራ ስለ ነበረበት ቅዳሜ ማለዳ በአይሮፕላን ሊመጣ ወሰነ፤ እኔና ባለቤቱ ከልጆቹ ጋራ አስቀድመን በመኪና ሄድን። በማግሥቱ ሕፃኑ ተዘጋጅቶ፥ ካህናቱም ቆመው ሳሉ ስልክ ተደወለልኝ፦ «የኔታ፥ ግማሽ መንገድ ከመጣሁ በኋላ ደመናው ወደ ምድር ወረደብኝ፤ ተመልሼ አርፌአለሁ። ይቅርታ ይለምኑልኝ» አለኝ።

ደመና ውስጥ የገባ ነጂ ላዩና ታቹ ይጠፋበታል፤ ጆሮው ያታልለዋል፥ ሲወድቅም ቀና ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። መሣሪያ ብቻ እያየ ለመንዳት ያልተማረ ሰው ከዚያ የሚድነው ጥቂት ነው። ወዳጄ ይህ ፈቃድ አልነበረውም። ሕፃኑን አጎቱ ተቀበለው። በግብዣው ላይ ግን ከዘመዶቹ አንዳንዱ፦ «ስድስት ዓመት ሠርቶ በጉም ፈርቶ ተመለሰ» እያለ ሳቀበት። እኔም በልቤ ጥቂት ተቀየምሁት፤ የክርስትና አባትነት ቀላል ነገር አይደለምና።

ባለቤቱ ግን ወደ ጎን ወስዳኝ እንዲህ አለችኝ፦ «የኔታ፥ ከልቤ ያመንሁት ዛሬ ነው። በሰው ፊት የሚያሳፍረውን መርጦ ለልጆቹ ተመለሰ። ለክብሩ ብሎ በጉሙ ውስጥ መጥቶ ቢሆን ኖሮ፥ በሰላም ቢደርስም እንኳ መቼም አላምነውም ነበር።»

በዚህን ጊዜ ከስድስት ዓመት በፊት ስለ ጠየቀችኝ ጥያቄ መልስ አገኘሁ። በኦሪት ዘዳግም ቤት የሚሠራ ሰው፥ ማንም ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ሕጉ፦ ሰገነት ላይ አትውጡ፥ አላለም። ያለ መከታ መውጣት እግዚአብሔርን መፈታተን ነው፤ መከታ ሠርቶ መውጣት ግን ሕጉን መፈጸም ነው። የወዳጄ መከታው የተነቀለው ችንካር ነው፥ ብቻውን የበረረባቸው 25 ሰዓታት ናቸው፥ በኅዳር ጉምም መመለሱ ነው። ይህን ብነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፦ «እንግዲያማ መከታው እስካለ ድረስ እወጣለሁ» አለች።

በሚያዝያ ወር ሰማዩ በጠራ አንድ ቅዳሜ ከጎኑ ተቀመጠች። እኔም ልጆቹን ይዤ በአጥሩ አጠገብ፥ እርስዋ ትቆምበት በነበረው ስፍራ ቆምሁ። ከፍ ሲሉ ባየሁ ጊዜ ልቤ መታ፤ የጎበጠው ችንካር በማኅደሬ ውስጥ መኖሩን በእጄ ዳስሼ አረጋገጥሁና እስኪወርዱ ድረስ ጸለይሁ።

አንባቢ ሆይ፥ አንተ አይሮፕላን አትሠራ ይሆናል፤ ግን ቤት ትሠራለህ፥ ልጅ ታሳድጋለህ፥ በፍርድ ወንበርም ትቀመጥ ይሆናል። ሰው የማያየው ስፍራ በሁሉም አለ። «ደኅና ነው?» ተብለህ በተጠየቅህ ጊዜ በዚያ ቃል ላይ ተሳፍሮ የሚሄድ ሰው እንዳለ አስብ።